መልስ፦ የአተነፋፈስ ባዮሜካኒክስ ምርምር ወዴት እያመራ ነው?

ሰላም ወንድሜ። ለመመረቂያ ጽሑፍህ በአተነፋፈስ ባዮሜካኒክስ (ስንተነፍስ ጡንቻ፣ ሳንባና ግፊት እንዴት እንደሚሠሩ በሚያጠናው ዘርፍ) ላይ ምርምሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ቬንቲሌተር (ለታካሚ አየር የሚያስገባው የመተንፈሻ ማሽን) በሚያደርሰው ጉዳት ላይ ነው የማተኩረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራሳችን አየር ስናስገባ ድያፍራም (ከሳንባ በታች ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች ይወርዳል፣ የደረት ውስጥ ግፊት ይቀንሳል፣ አየር ይገባል። ማሽኑ ግን አየሩን ገፍቶ ያስገባል። ሳንባ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ደግሞ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከባድ የሳንባ ጉዳት ባለባቸው ታካሚዎች በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ12 ሚሊ ሊትር ወደ 6 ሲቀነስ፣ የሞት መጠኑ ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 31 ወረደ። (ክብደቱ በሚዛን የሚለካው ሳይሆን ከቁመትና ከጾታ የሚሰላው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል።) በጣም የሚገርም ውጤት ነው!

አሁን ጥያቄው ጠለቅ ብሏል። ግፊቱ፣ የአየሩ ፍጥነትና በደቂቃ ያለው የትንፋሽ ብዛት ተደምረው ሳንባው ላይ ምን ያህል ጉልበት ያሳርፋሉ? በሌላ በኩል ማሽኑ ሥራውን ሁሉ ሲወስድ ድያፍራም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሳሳል። ሳንባውን ሳይጎዱ፣ ጡንቻውንም ሥራ ሳያስፈቱ መሀሉን ማግኘት፣ ትልቁ የቤት ሥራ ይህ ነው።

መለኪያውም ተሻሽሏል። ደረት ላይ በሚታሰር የኤሌክትሮድ ቀበቶ አየሩ ሳንባው ውስጥ የት እንደደረሰ አልጋው አጠገብ ማየት ይቻላል። ከሲቲ ምስል ተነስተው የአየር ፍሰትን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ሞዴሎችም አሉ።

አቅምህ ውስን ከሆነ የድያፍራምን ውፍረት በአልትራሳውንድ መለካት ያዋጣሃል። ጨረር የለውም፣ ጤነኛ ሰው ላይም መሥራት ትችላለህ።