ሪኢንዴክስ ከማለታችሁ በፊት

ዳታቤዝ ማስተዳደር ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ብዙዎቻችሁ የምትከታተሉት የራሳችሁን ሠንጠረዦች ነው። የደንበኛውን፣ የሽያጩን፣ የሒሳቡን። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ለራሱ የሚይዛቸውን የሲስተም ሠንጠረዦች ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ፒጂ ክላስ ሠንጠረዦችንና ኢንዴክሶችን (ረድፍ ቶሎ ለማግኘት የሚረዱ ማውጫዎችን) ይመዘግባል፤ ፒጂ አትሪቢዩት ደግሞ ዓምዶቻቸውን። እነዚህ በሙት ረድፍ፣ ማለትም ጠፍቶ ቦታውን ባልለቀቀ ረድፍ፣ ሲያብጡ አዲስ ኮኔክሽን መክፈት ሳይቀር ይንቀራፈፋል።

ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ነው። ባለ 20 ዓምድ ቴምፕ ቴብል ስትፈጥሩ ሲስተሙ 6 የራሱን ዓምዶች ይጨምርበትና ፒጂ አትሪቢዩት ውስጥ 26 ረድፍ ይገባል። ስታጠፉት 26ቱም ሙት ረድፍ ይሆናሉ። ይህን ፕሮግራሙ 1,000 ጊዜ ሲደግመው 26,000 ሙት ረድፍ ማለት ነው። ቫኪዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ ያጸዳቸዋል፤ የኢንዴክሱ ፋይል ግን በዚያ አያንስም። አንድ የኢንዴክስ ገጽ ለሌላ ሥራ የሚለቀቀው ፈጽሞ ባዶ ሲሆን ነው። ጥቂት ረድፍ ከቀረበት እዚያው ይቀመጣል።

አደራ የምላችሁ፣ ቫኪዩሙን ማን እንደያዘው እዩ። ተከፍቶ የተረሳ ትራንዛክሽን አንዱ ነው። ከሱ የሚብሰው ማንም የማያነበው የሎጂካል ሪፕሊኬሽን ስሎት ነው፤ ለውጦችን ወደ ሌላ ሲስተም ለመላክ የሚይዝ ማለት ነው። ስሎቱ ካታሎግ ኤክስሚን የሚባል ገደብ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲህ የሞተ የሲስተም ረድፍ አይነካም። ገደቡ የሚሠራው በሲስተም ሠንጠረዦች ላይ ስለሆነ የናንተዎቹ በደንብ ይጸዳሉ። ሁሉ ሰላም ይመስላል። ባለሙያን የሚያታልለው ይሄ ነው። ስሎቶቹን የሚዘረዝረውን ፒጂ ሪፕሊኬሽን ስሎትስን ሳታዩ ወደ ጥገና አትሂዱ።

እብጠቱን በግምት ሳይሆን ፒጂስታትቱፕል በሚባለው ኤክስቴንሽን ለኩ። አዲስ ኢንዴክስ ገጾቹ 90 በመቶ ገደማ ይሞላሉ። ወደ 70 ቢወርድ አትደንግጡ፣ ያለ ነው። 20 እና 30 ላይ ሲደርስ ግን ሥራ አለ።

ሪኢንዴክስ ኢንዴክስን እንደ አዲስ የሚገነባ ትእዛዝ ነው። የፖስትግሬስ ስሪት 12 በ2019 እ.ኤ.አ. ሌላውን ሥራ ሳያቆም የሚገነባውን ሪኢንዴክስ ኮንከረንትሊን አመጣልን፤ ትልቅ እፎይታ ነበር። የሲስተም ሠንጠረዥ ላይ ግን አይሠራም። ተራው ሪኢንዴክስ ይቆልፋል፣ ሠንጠረዡን በሙሉ እንደገና የሚጽፈው ቫኪዩም ፉል ደግሞ ከሱ ይብሳል። ፒጂ ክላስን ስትቆልፉ መላው ዳታቤዝ ይቆማል። ስለዚህ ያበጠውን አንዱን ኢንዴክስ ብቻ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሎክ ታይምአውትን (ቁልፍ የሚጠበቅበትን የጊዜ ገደብ) አጭር አድርጋችሁ ሥሩ። ያለዚያ የናንተ ትእዛዝ ቁልፍ ሲጠብቅ ሌላው ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል።

ከሳምንት በኋላ መልሳችሁ ለኩ። እንደገና ካበጠ ፕሮግራሙን ከጻፉት ልጆች ጋር ቁጭ በሉ። ቁጥሩን አሳዩአቸው እንጂ አትውቀሷቸው። ጊዜያዊውን ሠንጠረዥ በየጥያቄው ከመፍጠር በየኮኔክሽኑ አንዴ ፈጥረው ኦን ኮሚት ዲሊት ሮውስ (ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ ረድፎቹን ብቻ አጥፋ) ቢሉት ይበቃቸዋል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም በዊዝ የሚጀምር አንድ ጥያቄ ሥራውን ይጨርስላቸዋል።