ሐዋሳ ላይ «እሺ» ሲሏችሁ

ክረምቱ ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከአትላንታም ይደወል ከስቶክሆልም ጥያቄው ያው ነው፤ «ሐምሌና ነሐሴን ሐዋሳ በበጎ ፈቃድ ላገለግል ነው፣ ምን ይዤ ልምጣ?» ሻንጣው ይቆየን፣ መጀመሪያ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ እላለሁ።

የራሴን ላውራችሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ውጭ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆች ላስጠና ስመጣ፣ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ የእንግሊዝኛ ተረት መጻሕፍት ሞልቼ ነበር። ፕሮጀክተርም አልቀረ። አስተባባሪውን «እንግሊዝኛ ባስተምር ምን ይመስልሃል?» አልኩት። «እሺ፣ በጣም ጥሩ» አለኝ። ልጆቹም መጡ። በአራተኛው ቀን ግማሾቹ ቀሩ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ቡና የምታፈላልን ልጅ ናት። ለካ ልጆቹ የሚፈልጉት ሒሳብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይጠብቃቸዋል። ታዲያ አስተባባሪው ለምን ዝም አለኝ? ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ያን ሁሉ ተሸክሜ መጥቼ፣ በምን አፉ «አያስፈልግም» ይበለኝ? ይሉኝታ ነው። እኔም ረስቼው እንጂ ያደግኩበት ነገር ነው።

«እሺ» ዓይነት አለው። «እሺ፣ እናያለን» ከሆነ አይሆንም ማለት ነው። «እሺ፣ ችግር የለውም» ከተባላችሁ ችግር አለ፤ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። «እሺ፣ ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን እኔ አመጣለሁ» ያላችሁ ሰው ግን የምሩን ነው። ጥያቄያችሁንም ቀይሩት። «ይህን ባደርግ ጥሩ ነው?» ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። «ባለፈው ክረምት ምን ቸገራችሁ?» በሉ። ያውም ስብሰባ ላይ ሳይሆን ቡና ላይ። ሦስተኛው ስኒ ላይ የማይወጣ ወሬ የለም።

ወረቀቱን በአጭሩ። የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ የመግቢያ ቪዛም የሥራ ፈቃድም አትጠየቁም። ካርዱ ከሌላችሁ የቪዛውን ነገር ከተቀባዩ ድርጅት ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ነርስና ሐኪም የሆናችሁ፣ የውጭው ፈቃዳችሁ ብቻውን እዚህ ታካሚ አያስነካችሁም። መድኃኒት በሻንጣ አጭቆ ቦሌ ጉምሩክ ላይ መከራከርም ይቅርባችሁ።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላንም ይመጣል። በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ በመኪና የምትመጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ በጠዋት ተነሱ፣ ሳይመሽ ግቡ።

ውጭ የተወለዱ ልጆቻችሁን የምትልኩ ደግሞ እባካችሁ «ሰመር» አትበሏቸው። በቁምጣ ብቻ ይመጡና ዝናቡ ይቀበላቸዋል። ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ አስተማሪው ቢጮህም አይሰማም፤ ስለዚህ ትምህርቱን ጠዋት አድርጉት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ማለት ስልካቸው ላይ ስምንት መሆኑንም አስረዷቸው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አንዱ ሌሊት ተነስቶ በር ላይ ቆሞ አግኝተነዋል።

የከተማው ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ወባ አለ። ሐኪም ሳታማክሩ አትምጡ፣ አጎበርም አትናቁ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣውን ብሉ፣ ሾርባውንም ጠጡ፤ ሐይቁ ውስጥ ግን አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ምሳ የምትጋብዙ ከሆነ ሳትጠይቁ አትዘዙ። አንዱ ፍልሰታን ይጾማል፣ አንዱ ጴንጤ ነው፣ አንዷ ሙስሊም ናት፤ ሁሉም ግን ቅር እንዳይላችሁ ዝም ይላሉ። ይቺም ያው «እሺ» ናት።

ከተማው ውስጥ አማርኛ ያግባባል። ወደ ገጠር ስትወጡ ግን ሲዳምኛ የሚችል ሰው አብሯችሁ ይሂድ። እናንተም ትንሽ ትንሽ ልመዱ። «ዳኤ ቡሹ» ሲሏችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው።

እኔ በሁለተኛው ክረምት በእጅ ቦርሳ መጣሁ። የሒሳብ መጽሐፉንም ደብተሩንም እዚሁ ፒያሳ ገዛን። ሒሳቡን የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እኔ የእሱን ትራንስፖርት እችላለሁ፣ ደብተር አርማለሁ። ፕሮጀክተሩም አልጠፋም። ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖር ይዋሱታል።