የኮሶ ትል በወስፋት ክኒን አልለቅ ሲል

አብሽሪ እህቴ። ባልሽ አልቤንዳዞል ውጦ ከሳምንት በኋላም ነጫጭ ቁራጭ እየወጣው ስለሆነ፣ «ክኒኑ ፎርጅድ ይሆን? ኮሶ ላጠጣው? ለልጆቹስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ደሴ መድኃኒት ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ክኒኑን ከማማትሽ በፊት ትሉን ለዪው። ወስፋት ድቡልቡልና ረጅም ነው፤ ሲወጣም ሙሉውን ነው። የአንቺ ባል ግን ጠፍጣፋ፣ እንደ ተቆረጠ ፓስታ ያለ፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ኮሶ ነው። ሳይታወቀው ውስጥ ሱሪው ላይም ሊያገኘው ይችላል። ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል። መስኮቱ ላይ ጠጋ ብሎ «የሆድ ትል መድኃኒት» ይላል፣ አልቤንዳዞል ይሰጠዋል፣ ይሄዳል። ከበዓል ሁለት ሦስት ወር በኋላ እንዲህ ያለ ሰው ይበዛብን ነበር። ጥሬ ሥጋ ላይ የተገኘው እጭ አድጎ ቁራጭ ማውጣት የሚጀምረው ያኔ ነው።

አንዷ ባለ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ለወስፋት ጥሩ ናት፤ ለኮሶ አትበቃም። የኮሶ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ነው። ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ 2 ግራም፣ ማለትም አራት ባለ 500 ክኒን በአንድ ጊዜ ነው። ደቅቆ እስኪልም ታኝኮ ይዋጣል። ይህን አደራ፣ ብዙ ሰው እንዲሁ ዋጥ ያደርገዋል። ፕራዚኳንቴል በኪሎ ይሰላል። ለቢልሃርዚያ የሚታዘዘው ከኮሶው በብዙ ስለሚበልጥ ከጎረቤት የተረፈ እንዳትሰጪው። የሚጥል በሽታ ካለበት ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ኮሶ መጠጣቱን ተዪው። አባቶቻችን ትሉን ጥለውበታል፣ እውነት ነው። ግን ልኩ አይታወቅም፤ ሲበዛ ክፉኛ ያስታውካል፣ ዓይንም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ልጆቹ ጥሬ ሥጋ ካልበሉ የኮሶ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። የከብት ኮሶ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ የሚመጣው ከሥጋው ነው። ትምህርት ቤት የሚታደለው ክኒን ለወስፋትና ለመሰሎቹ ነውና እሱን ይውሰዱ።

ባልሽ ቁራጩን በንጹሕ ዕቃ ይዞ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ያሳይ። ከመድኃኒቱ በኋላም ሦስት ወር ያህል ሰገራውን ይከታተል። የትሉ ራስ አንጀቱ ላይ ከቀረ እንደገና ያድጋል፤ ቁራጭ ካየ ተመልሶ ይታከም።