ዋጋ ስትጠይቁ መለኪያውንም ጠይቁ
ለጅማ ወጣቶች

ልጆች፣ በሂሳብ ሥራ ያረጀ ሰው ምክር ሲሰጥ ቁጥር ማብዛቱ አይቀርምና ታገሡኝ። “ቆጥቡ” ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። ቆጥቡ የሚላችሁ ሰው ሞልቷል፤ የሚቆጠበው ብር ከየት እንደሚመጣ ግን አይነግራችሁም። የእኔ ነገር አንድ ነው፦ ዕቃ የሚሸጥላችሁም፣ ብድር የሚሰጣችሁም፣ መድረክ ላይ ቆሞ የሚናገርላችሁም ሰው ቁጥር ሲጠራ፣ በምን እንደለካው ጠይቁት።

ከሐሙስ ገበያ እንጀምር። ድንችና ሽንኩርቱ በመደብ ተከምሮ ይጠብቃችኋል፤ ትልልቁ ከላይና ከፊት፣ ደቃቁ ከሥር። ኑሮ ሲወደድ የመደቡ ዋጋ ላይነካ ይችላል፤ ከቁልሉ ላይ ሁለት ፍሬ ይነሳና 50 ብሩ 50 ብር እንደሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ የገዛችሁትን መደብ አንድ ቀን ሚዛን ያለው ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑት። 1 ኪሎ ከ200 ግራም ከሆነ ኪሎው 42 ብር ገደማ ወጥቶበታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው “ይረክሳል” ወይም “ይወደዳል” ማለት የሚቻለው። በጣሳ ሲሰፈርላችሁ የጣሳውን ሥር እዩ፤ ወደ ውስጥ ተደብድቦ የገባ ከሆነ ልኩ ጎድሏል። የሚንጠለጠል ሚዛን ከሆነ ደግሞ መርፌው ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ተመልከቱ። “አዴ፣ እስቲ ባዶውን ያሳዩኝ” ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሐቀኛዋ ሻጭ ደስ ነው የሚላት።

ቡና ላይማ የጅማ ልጅ ሊሸወድ አይገባም። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚወጣ ከ150 እስከ 200 ግራም ይቀንሳል። ጥሬው በኪሎ 600 ብር ቢሸጥና 800 ግራም ቢወጣው፣ የተቆላው ኪሎ የከሰሉን፣ የጉልበቱንና የወፍጮውን ሳንጨምር 750 ብር ገብቶበታል። ሱቅ ውስጥ የተፈጨ ቡና በኪሎ 650 ብር ካገኛችሁ ሻጩ ቸር ሆኖ አይደለም። ወይ ገለባና ስብርባሪ የበዛበት ቡና ነው፣ ወይ ገብስ ወይም ሽምብራ ተቆልቶ ገብቶበታል። ጥሬውን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ቁሉ። ከተፈጨ በኋላ ሽታው ቶሎ ነው የሚሄደው።

ጫማ ላይ ስትደርሱ ዋጋውን በወራት አካፍሉት። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ሶል ክረምቱን አይሻገርም። በ1,200 ብር ተገዝቶ በ4 ወር አፉን የሚከፍት ጫማ በወር 300 ብር ያስወጣል። በ3,000 ብር የተገዛ፣ ዙሪያውን የተሰፋ፣ አንዴ በ500 ብር ሶል ተቀይሮለት 2 ዓመት የሚሄድ ጫማ ግን በወር 150 ብር አይሞላም። ችግሩ 3,000 ብር በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ወጣት ጥቂት መሆኑ ነው። ድሃ ውድ የሚገዛው ስለማያውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ርካሹ ብቻ ስለሚደርስለት ነው። እንዲህ ላለው ነገር እቁብ ይሻላል። ግን እቁብ ከመግባታችሁ በፊት ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጥራ አይጥራ እወቁ። እቁብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው በወሰዱት ነው፤ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚደርሰው ነው።

መብራት ላይ አጭር ነገር ልበል። ወላጆቻችሁ “አምፖል አጥፉ” እያሉ ሲቆጡ ትሰማላችሁ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 10 ሰዓት ቢበራ በወር 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ አንድ ሰዓት ጋግራችሁ ስትነሱ የአምፖሉን የወር ፍጆታ ጨርሳችኋል። ምጣዱ እስኪግል የሚሄደው ኃይል ለ5 እንጀራም ለ30 እንጀራም ያው ስለሆነ፣ ለሁለት ጊዜ የሚሆን ሊጥ አጠራቅሞ በአንዴ መጋገር ነው የሚያዋጣው። ታሪፉም ቢሆን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። አምፖሉንም አጥፉት፤ ብቻ ቆጠብን ብላችሁ አትኩራሩ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ስልክ በዱቤ። ለምሳሌ ያህል፣ 24,000 ብር የሚሸጥ ስልክ 3,000 ብር ቅድሚያ ከፍላችሁ፣ ቀሪውን በወር 2,400 ብር ለ12 ወር ክፈሉ ተባላችሁ እንበል። “በወር 2,400 ብር ብቻ!” ይላል ማስታወቂያው። አባዙት፦ 28,800 ብር ነው፤ ቅድሚያው ሲጨመር 31,800። ስልኩ 7,800 ብር ተወዶባችኋል። ሻጩ ይህን “በ21,000 ብር ላይ 37 በመቶ” ብሎ ሊያስረዳችሁ ይችላል። አትቀበሉት። 21,000 ብሩ ዓመቱን ሙሉ እጃችሁ ላይ አይቆይም፤ በየወሩ እየመለሳችሁት ነው። በ6ኛው ወር ያለባችሁ ዋና ዕዳ ከግማሽ ብዙም አይርቅም፣ በመጨረሻው ወር ጥቂት ብር ብቻ ናት። በእጃችሁ በቆየው ገንዘብ ልክ ሲሰላ የዓመቱ ወለድ ከ60 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ አበዳሪ ስታገኙ “ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?” በሉት። ሁለተኛው ጥያቄ “አንድ ወር ባሳልፍ ቅጣቱ ስንት ነው?” ይሁን። ሦስተኛው “ቀድሜ ብጨርስ ይቀነስልኛል?” ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ፈልጉት።

ስለ ጫት አልሰብክም። በቀን 100 ብር ከሆነ በዓመት 36,500 ብር ነው፤ ኦቾሎኒውና ስኳሩ ገና አልተቆጠሩም።

ፖለቲካ የሚጀምረው ደግሞ ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት ፌስቡክ ላይ ሳይሆን ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው። የ5,750 ብር ዕቃ ስትገዙ 5,000 ብሩ የዕቃው ዋጋ፣ 750 ብሩ 15 በመቶ ቫት ነው። ነጋዴው “ያለ ደረሰኝ በ5,500 ውሰደው” ሲል እናንተ 250 ብር ታተርፋላችሁ፣ እሱ 500 ብር ኪሱ ይከታል፣ ሕዝብ 750 ብር ያጣል። ግን ካተረፋችሁት ያጣችሁት ይበልጣል፤ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲያጋጥማችሁ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ግን ከማን እንደገዛችሁ በምን ታስረዳላችሁ? የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ደረሰኝ አይደለም፤ ማኅተም ስላለበት አትታለሉ። የማሽን ደረሰኙንም የያዛችሁ ዕለት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው ጽሑፉ ይጠፋል። በተቃራኒው ለቫት ያልተመዘገበ ነጋዴ ቫት ብሎ ሊያስከፍላችሁ አይችልም፤ ቫት ከጠየቃችሁ ምዝገባው የት አለ በሉት።

ሌላው በየቀኑ የምትጨቃጨቁበት ግሽበት ነው። “ግሽበቱ ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ” ሲባል አንዱ “ኑሮ ረከሰ” ብሎ ያጨበጭባል፤ ሌላው “ውሸት ነው፣ ዘይት እንዲያውም ጨምሯል” ብሎ ይሳደባል። ሁለቱም ቁጥሩን አላነበቡትም። አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ 130 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት በ15 በመቶ 149 ብር ከ50 ይገባል። የወረደው ፍጥነቱ ነው፤ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም። በዚያ ላይ ቁጥሩ የአገር አማካይ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የምግቡንና ምግብ ያልሆነውን ለየብቻ ያወጣል፤ ገንዘቡ ሁሉ ለምግብ የሚሄድ ተማሪ ማየት ያለበት የምግቡን ነው።

“ሁሉንም ያስወደደው ዶላር ነው” ለሚላችሁም ያው ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የፓልም ዘይት ከውጭ ስለሚመጣ ምክንያቱ ይገባኛል። ከሰቃ የመጣው ጎመን በማግስቱ የተወደደው ግን በምን ሂሳብ ነው? ማዳበሪያና ነዳጅ ከውጭ መግባታቸው እውነት ነው፤ ያ ግን ጎመኑ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ የጨመረው ነጋዴ ምንዛሪውን ሳይሆን እናንተን አይቶ ነው።

ቀበሌ ስብሰባ “የልማት ሥራዎች በተጠናከረ ሁኔታ እየተከናወኑ ይገኛሉ” ሲባል አታጉረምርሙ፣ አታጨብጭቡም። የሰፈራችሁ የጎርፍ ማፋሰሻ ስንት ሜትር እንደሚሠራ፣ ስንት ብር እንደተያዘለት፣ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ጎርፍ ቤት ከገባ በኋላ በነሐሴ መጮኽ ዘግይቷል፤ ዕቅዱ ሲዘጋጅ፣ ሐምሌ ሳይገባ ሂዱ። ምርጫም እንዲሁ ነው። 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሰው ይመርጣል፤ ካርዱ የሚወሰደው ግን በምዝገባው ጊዜ ስለሆነ የድምፁ ዕለት ብቻ የሚነቃ ሰው ይመለሳል። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ካነሳችሁ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትውጡ፤ ያልተጻፈ ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ “አልተነሳም” ይባላል።