18 ዓመት ሞላ ወይስ ገባ? አካለ መጠን ስለመድረስ ጥያቄና መልስ

የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የምጠቅሰው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ጉዳያችሁ በክልል ከሆነ መጀመሪያ የክልሉን ሕግ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሕጉ 18 ዓመት ሲል መግባትን ነው ወይስ መሙላትን?

መሙላትን ነው። አንቀጽ 215 ወንድም ይሁን ሴት 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ሐምሌ 20 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የፈረመው ውል አካለ መጠን ያላደረሰ ሰው ውል ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል የሚል ሰው የተከራካሪ ወገን ጠበቃ አላጋጠመውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በ17 ዓመቱ ሞተር ሳይክል በዱቤ ገዝቶ ፈረመ። ሻጩ «18 ሞልቶኛል ብሎኛል» ይላል። ውሉ ይጸናል?

ልጁ ያለ እርስዎ ፈቃድ የፈረመው ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ በልጁ አፍ ላይ ብቻ ተማምኖ ማምለጥ አይችልም፤ መታወቂያ መጠየቅ ነበረበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1808 መሠረት በችሎታ ማጣት ምክንያት፣ ማለትም ፈራሚው በሕግ ውል ለመዋዋል ብቁ ስላልነበረ፣ ይፍረስ ማለት የሚችለው ችሎታ ያልነበረው ወገን ነው። ሻጩ ራሱ ዋጋ ሲጨምርበት «ለካ ልጅ ነበር» ብሎ ሊያፈርስ አይችልም። ጊዜውን ግን ይጠብቁ፦ በአንቀጽ 1810 መሠረት ምክንያቱ ከቀረበት፣ ማለትም ልጁ 18 ከሞላው ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ካለፈ ክሱ ተቀባይነት አይኖረውም። ሞተሩን ደግሞ ደብቃችሁ እንዳትከራከሩ። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች የተቀበሉትን ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 16 ዓመቴ ነው። ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ፤ ደመወዜን የሚቀበለው አጎቴ ነው። መብት አለው?

የለውም ልጄ። ከ14 ዓመት ጀምሮ የሥራህን ገቢ የምትቀበለው አንተ ነህ፤ ለራስህ መኖሪያ የሚገባውን ካዋጣህ በኋላ የቀረውን እንደፈለግህ ታደርገዋለህ። አሠሪህም ቢሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠራህ አይፈቀድለትም። ትርፍ ሰዓትም ክልክል ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ጭራሽ የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እንጀራ የምትጋግረው የ13 ዓመት ልጅ፣ ከማንም በላይ የሰዓት ገደብ የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ፣ ከአዋጁ ውጪ ናት። የቀረላት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው፤ እሱም ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ ይደነግጋል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት የእህቴ ልጅ በስርቆት ተጠርጥሮ ከአዋቂዎች ጋር ታስሯል። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ነገ የሚባል አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ እሱ ከሌለ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ይዘው ዛሬውኑ ጣቢያ ይሂዱ። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ለወጣት ጥፋተኞች የተለዩ እርምጃዎች ይወሰዱበታል፤ ከአዋቂ ጋር ማሰርም ክልክል ነው (አንቀጽ 53)። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 ደግሞ በቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ወዲያውኑ እንዲቀርብ ያዛል። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣትም አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች ተስማምተው የ16 ዓመት ልጅ ማጋባት ይቻላል?

አይቻልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችል ነበር፤ ያ ቀርቷል። ከ18 በታች ማግባት የሚፈቅደው ሽማግሌም፣ አባትም፣ ቄስም ሳይሆን የፍትሕ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱም ከባድ ምክንያት ሲኖር፣ ከሁለት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ። ያለዚያ ያገባት ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይጠየቃል፦ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። ዲቪ የደረሳት እህቴ ልጇን ልታመጣ ነው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ «አዋቂ ነውና አይመጣም» አሏት። እውነት ነው?

ዕድሜው ብቻውን አይከለክለውም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላውን ሰው «ልጅ» ይለዋል፤ እህትዎ ዲቪውን ስትሞላ ስሙን አስገብታ መሆን አለበት። በሌላ ጉዳይ ግን እዚያም አገር አካለ መጠን የሚደረስበት ዕድሜ ይለያያል፦ በአብዛኞቹ ስቴቶች 18፣ በአላባማና በነብራስካ 19፣ በሚሲሲፒ 21 ነው።

ከዚህ የበለጠ የማያቸው ቤተሰቦች የሚቸገሩት በቀን መቁጠሪያ ነው። ኅዳር 5 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኅዳር 14 ቀን 2006 ነው የተወለደው። አንድ ሰው ሳይቀይር 1999ን እንዳለ በእንግሊዝኛው ፎርም ላይ ከጻፈው ልጁ በወረቀት ሰባት ዓመት አርጅቶ ቁጭ ይላል፤ 21ም ገና ልጅ እያለ ያልፈዋል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና ፎርሙ አንድ ቀን መናገራቸውን ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ ቢራ አልሸጥም ተባልኩ። አዋቂ አይደለሁም?

ነህ፤ ለቢራ ግን አልደረስክም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልም ሲጋራም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ምርጫ ሂድና ድምፅ ስጥ፤ በ18 ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከሚስቴ ጋር ተፋተናል። ልጄ ባለፈው ወር 18 ሞላው። ቀለብ መክፈል ላቁም?

በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ፍርድ ቤት የወሰነውን ቀለብ የሚያነሳው ፍርድ ቤት ነው። በወላጅና በልጅ መካከል ያለው የመጦር ግዴታም 18 ሲሞላ በአንድ ጀንበር አያበቃም፤ ልጁ ችግረኛ ከሆነና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር ካልቻለ ይቀጥላል። ልጅዎ ሥራ ይዞ ከሆነ የደመወዙን ማስረጃ ይዘው ውሳኔውን ለሰጠው ችሎት ያመልክቱ።