የምርጫ ውጤት ከማመናችሁ በፊት፦ ለወጣት የሕግና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ምርጫን መመርመር ሙያችሁ ሊሆን ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተደረገውን የአገረ ገዢ ምርጫ ቁጭ ብላችሁ አጥኑት።

ከድምፁ ብዛት በፊት የቆጠራውን ደንብ እዩ። በጁላይ የዴሞክራቶች ዕጩ ሲመረጥ ጄምስ ካርማይክል ዩጂን ታልማጅን በ16 ሺህ ድምፅ ገደማ በልጦ ተሸነፈ። አሸናፊው የሚለየው በድምፅ ድምር ሳይሆን፣ በየካውንቲው (በግዛቱ የአስተዳደር ወረዳ) ያሸነፈ ዕጩ በሚወስደው ነጥብ ነበርና። ከ159ኙ ካውንቲዎች 8ቱ በሕዝብ ብዛት ትልልቆች እያንዳንዳቸው 6፣ ቀጣዮቹ 30ዎቹ 4፣ የቀሩት 121ዱ ደግሞ 2 ነጥብ ነበራቸው። አስሉት፤ ትንንሾቹ ብቻቸውን ከ410 ነጥብ 242 ይይዛሉ። በዘር የታጠረው የዕጩ ምርጫ በፍርድ ቤት ፈርሶ ጥቁሮች በብዛት የወጡትም በዚሁ ዓመት ነው፤ በየከተማው የሰጡትን ድምፅ ግን ይኸው ደንብ በላው። ያሳዝናል።

ታልማጅ በኖቬምበር ተመርጦ፣ ቃለ መሐላ ሳይፈጽም በዲሴምበር ሞተ። ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ያለው ሞት ግልጽ መልስ አልነበረውም። የግዛቱ ምክር ቤት፣ በሕይወት ካሉት ብዙ ድምፅ ካገኙት ሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ አለ። የሟቹን ልጅ የኸርማንን ስም በወረቀቱ ላይ በእጃቸው የጻፉ ደጋፊዎች ነበሩ፤ ሲቆጠር ግን 617 ድምፅ ብቻ ይዞ ሦስተኛ ወጣ። ኋላ ከትውልድ ካውንቲው ከቴልፌር 58 ድምፅ «ተገኘ»ና በ675 አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆዩ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ጉድዊን ድምሩን ትቶ የመራጮቹን ዝርዝር አገላበጠ። 34 ሰዎች በስማቸው የፊደል ተራ መርጠዋል! ሰው የሚሰለፈው በአመጣጡ እንጂ በስሙ ፊደል አይደለም። ከመካከላቸው የሞቱም ነበሩ። እናንተም መዝገቡን ስጡን በሉ፤ የስሞቹን ቅደም ተከተል፣ የእጅ ጽሑፉን፣ ነዋሪነታቸውን አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 1947 ኸርማንን 161 ለ87 መረጠ። ተሰናባቹ አገረ ገዢ ኤሊስ አርናል ሥልጣኔን ለእሱ አላስረክብም አለ፤ ምክትል አገረ ገዢ ሆኖ የተመረጠው ሜልቪን ቶምፕሰንም ወንበሩ የእኔ ነው አለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 5 ለ2 ለቶምፕሰን ፈረደ። ልብ በሉ፣ ፍርዱ በቴልፌር ማጭበርበር ላይ አልቆመም፤ ሟቹ አብላጫ ድምፅ ስላገኘ ምክር ቤቱ የመምረጥ ሥልጣን የለውም በሚል ነው። ስለዚህ ማስረጃ ስትሰበስቡ፣ ዳኛው የሚወስንበት ጥያቄ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። ፍርዱንም ስታነቡ የተለዩትን የሁለቱን ዳኞች ሐሳብ አትዝለሉ።