ርካሽ፣ ፈጣን፣ ባለሁለት በር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው «ከቤተሰብ መኪና ብዙ ያልራቀ ዋጋ ያላት የምትፈጥን ኩፔ (ባለሁለት በር መኪና) ሥሩ» ብዬ ነበር። ሠራችሁ። አሁን የመልእክት ሳጥኔ በእሮሮ ሞልቷል።

ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ፦ ወሬው ስለ «አውቶሜሽን» ነው። ካምሻፍት ሶፍትዌር የሚባል ቡድን የሠራው፣ ከ2015 ጀምሮ ስቲም በሚባለው የጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ የሚሸጥ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። መኪና አይነዳበትም፤ ይሠራበታል። ከፒስቶኑ ስፋት እስከ በሩ እጀታ ወሳኙ ተጫዋቹ ነው። መንዳት ያማረው የሠራትን መኪና «ቢምኤንጂ» ወደሚባል ሌላ የመንዳት ጨዋታ ልኮ ይነዳታል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«መኪናዬ 260 ፈረስ ጉልበት አላት። ቆንጆ ናት። ግን ዋጋዋ ሰማይ ነካ። ገንዘቡ የት ሄደ?» (ከአዳማ)

የላክኸውን ፋይል ከፍቼ አየሁት። ገንዘቡ ሁሉም ቦታ ሄዷል። ሞተሩ ላይ የጥራት ነጥብ (የአንድን ክፍል ጥራት በዋጋ ከፍ የሚያደርግ የጨዋታው ማስተካከያ) ጨምረሃል። ሻንሲው ላይ ጨምረሃል። ወንበሩ ላይ ሳይቀር ጨምረሃል። አንዷ ነጥብ ብቻዋን ስትታይ ምንም አይደለችም። ሲደመሩ ግን ጉድ ነው። ደግሞ የሚንረው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የምህንድስናው ጊዜ ይረዝማል፣ ፋብሪካው አንዷን መኪና ለመጨረስ የሚያጠፋው ሥራም ይበዛል።

እስቲ የሙስታንግን ነገር ላንሳ። ፎርድ አፕሪል 17 ቀን 1964 ሲያወጣት መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ዕቃ በአብዛኛው የፋልከን ነው፤ ፋልከን ደግሞ ተራ የቤተሰብ መኪና ነበረች። ረጅም አፍንጫና አጭር ጀርባ አለበሷትና ሌላ መኪና መሰለች። መነሻ ሞተሯ ባለስድስት ሲሊንደር ነው። ቪ-8 (ባለስምንት ሲሊንደር) የፈለገ ጨምሮ ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠች። ያን ሁሉ ሕዝብ የወሰደው መልኳና ዋጋዋ ነው። አብዛኛው ገዢ ሩጫ ቦታ ደርሶ አያውቅም።

አንተ ጋ ፋልከን የለም፤ ሁሉንም ከባዶ ነው የጀመርከው። መጀመሪያ አሰልቺ ባለአራት በር መኪና ሥራ። ከዚያ በሻንሲዋ ላይ ኩፔ አልብስ። ሞተሩም እንደዚያው። ጨዋታው ሞተርን በቤተሰብ ነው የሚያስቀምጠው፦ ብሎኩና ቴስታታው (የሞተሩ አካልና ክዳኑ) አንድ ሆኖ፣ ሲሲውን (የሞተሩን መጠን)፣ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ)፣ ማርሚታውን እየቀያየርክ ብዙ ዓይነት ታወጣለህ። ለቤተሰብ መኪናዋ ለዘብ ያለ ካምሻፍት፣ ለኩፔዋ ጠንከር ያለ። የጥራት ነጥብ የምትጨምረው ይህን ሁሉ ጨርሰህ፣ ያውም አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ወንበሩን እርሳው።

«ስንት ፈረስ ጉልበት ይበቃል?» (ከደብረ ብርሃን)

ስንት ኪሎ ላይ? 240 ፈረስ ጉልበት ያላት 1,400 ኪሎ መኪና ለእያንዳንዱ ፈረስ 5.8 ኪሎ ታሸክመዋለች። 180 ፈረስ ጉልበት ያላት 1,000 ኪሎ መኪና 5.6 ኪሎ ብቻ። ከቆመችበት ስትነሳ ትንሿ አታንስም። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ አየሩ ሲበረታ፣ ትልቋ ታልፋታለች። ኩርባ ሲበዛ ደግሞ አትደርስባትም። በዚያ ላይ ቀላል መኪና ጠባብ ጎማና አነስተኛ ፍሬን ይበቃታል። ቁጠባው ቁጠባ ይወልዳል።

ክብደት ቀንሱ ስላችሁ ግን አሉሚኒየም ውስጥ እንዳትዘፈቁ። ርካሹ መንገድ ትንሽ ቦዲ መምረጥና ትንሽ ሞተር መክተት ነው። በ1983 የወጣችውን የቶዮታን ኤኢ86 ተመልከቱ። 1.6 ሊትር ሞተር፣ 16 ቫልቭ፣ በጃፓን ገበያ ከ1,000 ኪሎ በታች። የኋላ እግሯ ወጥ አክስል በሞላ ላይ ነው። ምንም የረቀቀ ነገር የላትም። እስከ ዛሬ ግን እንደ ጌጥ ትፈለጋለች።

«በወጣትነቴ ጋራዥ ሠርቻለሁ። ልጄ ይህን ጨዋታ አስለመደኝ። ሞተሬ በደቂቃ 7,500 ዙር ሲደርስ ቢየላው አይችልም ይለኛል። ምን ላድርግ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እርስዎ ቴስታታ ፈተው የገጠሙ ሰው ስለሆኑ ቶሎ ይገባዎታል። ስትሮክዎ፣ ማለትም ፒስቶኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት፣ 95 ሚሊሜትር ነው። ፒስቶኑ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያንን ያህል ይጓዛል። በ7,500 ዙር ሲሰላ በአማካይ በሴኮንድ 23.75 ሜትር ይመጣል። ፒስቶኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ቢየላው ነው፤ ለርካሽ ቢየላ ይህ ጭካኔ ነው። ስትሮኩን ወደ 80 ቢያወርዱት በዚያው ዙር 20 ሜትር ይሆናል። የጎደለውን ሲሲ ሲሊንደሩን በማስፋት ይመልሱ። ለማነጻጸሪያ፣ በ2012 የወጣችው ቶዮታ 86 ባለ 2 ሊትር ሞተሯ ስፋቱም ስትሮኩም 86 ሚሊሜትር ነው። በ7,000 ዙር እሷም 20 ሜትር ገደማ ነው የምትመጣው።

ጠንካራ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ቢየላ መግጠም ይችላሉ፤ ዋጋውን ግን ያዩታል። ከዚያ በፊት ግራፉን ይመልከቱልኝ። ጉልበቱ 6,500 ላይ ጣሪያ ከነካና ከዚያ ቁልቁል ከሄደ፣ 7,500 ድረስ ማስጮኹ ለጆሮ ብቻ ነው።

«በፊት እግር ወይስ በኋላ እግር የምትነዳ?» (ከባሕር ዳር)

ሂሳቡን ብቻ ካየን፣ በፊት። ሞተሩ በአግድም ይቀመጣል፣ ካርዳን (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ) የለም፣ ውስጡም ይሰፋል። ቮልስዋገን በ1974 ሺሮኮ የምትባለውን ኩፔ ያወጣው በቤተሰብ መኪናው በጎልፍ መሠረት ላይ ነው፤ ኩፔነቷን ማንም አልጠየቀም። ችግሩ ጉልበት ሲበዛ ይመጣል። በመሪ የሚዞረውም መኪናዋን የሚጎትተውም ያው ጎማ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር ፈረስ ጉልበት ጭስ ይሆናል። ማርሹን የምታስተካክልበት ገጽ ላይ ጎማው የት እንደሚንሸራተት በግራፍ ይታያል።

ለመሆኑ የቤተሰብ መኪናህ በየትኛው ነው የምትነዳው? በዚያው ቀጥል። ለኩፔ ብለህ ሌላ ሻንሲ ከጀመርክ ከአዳማው ወንድማችን ጋር ትገናኛለህ።

«ቢምኤንጂ ውስጥ ኩርባ ላይ ትሽከረከርብኛለች። ሁልጊዜ። መቶ ጊዜ ግድግዳ መታሁ።» (ከአቡዳቢ)

እኔም ስጀምር እንዳንቺ ነበርኩ፤ ግድግዳ ያልመታሁበት ቀን አልነበረም። ጥፋቱ ያንቺ ሳይሆን የኋላ እግሯ ነው። በቅደም ተከተል እይልኝ። የኋላ ጎማ ከፊቱ ጠቦ እንደሆነ አስፊው። የኋላውን ስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ መኪናዋ እንዳትጋደም የሚይዘውን ብረት) አላልተሽ የፊቱን አጠንክሪው። ፍሬን ስትይዥ ከሆነ የምትዞረው፣ የኋላውን የፍሬን ኃይል ቀንሺ። ጋዝ ስትረግጪ ከሆነ ደግሞ ማርሹንና ጎማውን ተመልከቺ። ጨዋታው የሚሰጥሽ ዝግጁ የሞላ ቅንብር መነሻ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዷ መኪና አልተሰፋም።

ከኩርባ ስትወጪ አንዱ ጎማ ብቻውን የሚሽከረከርና የማትጎትት ከሆነ፣ ተራው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ነው ምክንያቱ። ሁለቱን ጎማ አብሮ የሚያስይዘውን ግዢ። «ገንዘብ አውጡ» ከምልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ግን ጋዙን ቀስ ብለሽ፤ እሱም ባንዴ ከተረገጠ ያዞራል።

ጎማ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሁሉም ቶሎ ብሎ የስፖርት ጎማ ይገጥማል፤ ቁጥሩም እውነት ያድጋል። ቶዮታ 86 ስትወጣ ግን ለነዳጅ ቆጣቢዋ ለፕሪየስም የሚገጠም ዓይነት ጎማ ነበር ያደረጉላት። ተሳቀባቸው። ሐሳባቸው ግን ገብቶኛል፦ ጎማው ቶሎ የሚለቅ ከሆነ በዝቅተኛ ፍጥነትም መኪናዋ ትጫወታለች። 200 ፈረስ ጉልበት ላላት መኪና ይህ ደስታ ነው። ጎማ መቀየሩም ርካሽ ነው። እኔ መካከለኛውን ነው የምገጥመው።

«ቱርቦ ልግጠም?» (ከሐዋሳ)

ቱርቦ በጭሱ ኃይል ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ ነው። አሁን አትግጠም። ዋጋ ይጨምራል፣ ዕድሜ ይቀንሳል፣ ጋዝ ስትረግጥ ቆይቶ ነው የሚነሳው። የጨዋታው የሞተር ምላሽ ነጥብህ ይወርዳል። መጀመሪያ ያለቱርቦ ጥሩ ሞተር ሥራ።

«ፈጣን ናት፣ ርካሽ ናት፣ ገዢ የላትም። ለምን?» (ከቴል አቪቭ)

ወንበሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ። ርካሽ ኩፔ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ መኪና የለውም። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበር ጨምር፤ ማንም ባይቀመጥባቸውም ዕቃ ይጣልባቸዋል። ሞላውንም ትንሽ አለስልሰው፤ ገዢዎችህ ወገብ አላቸው።

«ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክላለች። አንተ የቤንዚን ኩፔ ታስተምራለህ። ምን ይጠቅማል?» (ከአዲስ አበባ)

እኔ በጨዋታው ገና 1986 ላይ ነኝ። ነዳጅ አለ፣ ቀረጥ የለም፣ ሰልፍም የለም። ማታ ማታ ቀይ ቀለም እየመረጥኩላት ነው።